ሐሙስ የተላከ ዜሮ

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ኃላፊውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም «ሐሙስ» ነው የሚሏት። አዲስ የመጣ ባለጉዳይ እንኳ በሁለተኛው ቀን «ሐሙስ የምትባለው ሴትዮ ገብታለች?» ብሎ ይጠይቃል።

ቅጽል ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የመረጃ ሠራተኛ ነበረች። በሳምንቱ ውስጥ በወረዳው ስንት ሰው በምን በሽታ እንደታመመና ስንቱ እንደሞተ ከጤና ጣቢያው መዝገብ ትለቅማለች፣ በአንድ ገጽ ፎርም ላይ ትሞላለች፣ በኮምፒውተር ወደ አውራጃው ትልካለች። አውራጃው የወረዳዎቹን ሁሉ ደምሮ ዋናው ከተማ ላለው ሚኒስቴር ያስተላልፋል። ሳምንቱ ሰኞ ተጀምሮ እሑድ ያልቃል፤ ሪፖርቱ የሚጠበቀው በማግስቱ ሰኞ እስከ ስድስት ሰዓት ነው።

ችግሩ ሰኞ ነው። የየወረዳው ሰው በአንድ ጊዜ ሲልክ መስመሩ ይጨናነቃል፤ ገጹ ግማሽ ድረስ ይከፈትና ቀጥ ይላል። ያረፈደ ወረዳ ደግሞ በስብሰባ ላይ ስሙ በቀይ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይታያል። አንድ ጊዜ የእነሱ ወረዳ እንዲያ ተጽፎ ሲታይ ኃላፊው ሰው በተሰበሰበበት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ቁጥር መላክ ምጥ ነው እንዴ?» አላት። ሳቁባት። ሳቁ ለሳምንታት ከጆሮዋ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ዘዴ አገኘች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መስመሩ ነፃ ነው፤ ሐሙስ ሞልታ ሐሙስ ትልካለች። የቀሩትን ሦስት ቀናት ከልምዷ ትገምታለች፤ ሳል ላይ አምስት ትጨምራለች፣ ቁስል ላይ ሦስት። በፎርሙ ግርጌ ከባድ ወረርሽኞች የሚሞሉባቸው ሣጥኖች አሉ፤ እዚያ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ አንድም ሰው ምነው ብሎ አልጠየቃትም። አውራጃው ቀድሞ ሲደርሰው ደስ ይለዋል። ኃላፊውም ስማቸው ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲዞር የጠየቀው ነገር የለም፤ በየትኛው ቀን እንደምትልክ ከቅጽል ስሟ በቀር የነገረው አልነበረም፣ ስሙንም ቀልድ እንጂ ሌላ አድርጎ አልሰማውም።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እትዬ ትላታለች። በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጣታለች፤ እናታቸው ስትሞት ሐሙስ ገና ጥርሷን አልጨረሰችም ነበር፤ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ ፊደል ስትሳሳት በማስመሪያ የመታቻት እትዬ ናት። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው ክፍል መስኮቱ ሥር የልብስ መስፊያው ቆሟል፤ ወለሉ ላይ ሁልጊዜ ቅዳጅ ጨርቅና ክር አይጠፋም። የሐሙስን ቅጽል ስም የሰማች ዕለት፣

«ሌሎቹን ስድስት ቀናት ለማን ሰጠሻቸው?» አለቻት ከመርፌዋ ቀና ሳትል። «መሥሪያ ቤቱ ምን ዓይነት ነው? አንድ ቀን ብቻ የምትሠሪ ነው እኮ የሚያስመስሉሽ።»

አፏ እንዲህ ነበር። ደንበኞቿን «ወገብሽን ለካሁት፣ ልብሽን ማን ይለካልሽ» እያለች የምታስቅ፣ ስትቆጣ ደግሞ ጎረቤት በሩን የሚዘጋላት ሴት።

በዚያ ዓመት ከወንዙ ማዶ ባለው ጎረቤት ወረዳ ኮሌራ ገባ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ ሰው ፈጀ። ወንዙ ላይ ድልድይ አለ፤ ሰው እንደ ልቡ ይመላለሳል። በወንዙ ወዲህ ግን የታመመ አልተገኘም ነበር። ሐሙስም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮዋ ፎርሙን ሞላች፤ የኮሌራው ሣጥን ላይ ዜሮ አለች፤ ላከች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ከጤና ጣቢያው ሲስተር ደወለች። ከጡብ ማምረቻው ሰፈር አራት ሰዎች መጥተዋል፣ ከላይም ከታችም እየወረዳቸው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ። ሐሙስ ስልኩን እንደዘጋች ኃላፊው አንድ ወረቀት ይዞ ከቢሮው ወጣ። ከሚኒስቴሩ የመጣ ደብዳቤ ነው። ባለው መድኃኒት ላይ ክፍፍል የሚደረገው ነገ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እስከዚያ በደረሰው የሳምንቱ ሪፖርት መሠረት ነው ይላል። ሪፖርት ያልደረሰበት ወረዳ በስልክ ይጠየቃል።

«የኛ ሄዷል?» አላት።

አራቱ ሰዎች ትዝ አሏት። ያ ሳቅም ትዝ አላት።

«ገና ነው» አለች።

«ጥሩ። እንግዲያው የሲስተርን ቁጥር ነገ ጠዋት አይተን ትልኪያለሽ። አትቸኩዪ።»

ወደ ወንበሯ ተመልሳ ገጹን ከፈተች። የላከችውን ልታርም ነው፤ ማንም ሳያውቅ አራት ብላ ትገላገላለች። ገጹ ግን «ተቀብለናል። ማስተካከያ በአውራጃው በኩል ብቻ ይቀርባል» ይላል። አውራጃው ቢሮ ደወለች። ይጮኻል፣ ማንም አያነሳም። ደገመች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስትደውል ቆይታ ወደ ቤቷ ሄደች። ነገ ቀን ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ቤት ስትደርስ እትዬ ከልብስ መስፊያው ጋር ተቀምጣለች። «ዛሬ ምን ያጠቁርሻል?» አለቻት። «ሰዎች ታመዋል» አለች ሐሙስ። «የት?» «ጡብ ማምረቻው ጋ።» እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «ውይ፣ ትናንት እኮ እዚያ ነበርኩ። የሠራተኞቹን ቱታ ልለካ። ሙቀቱ ስለገደለኝ ሁለት ጣሳ ውኃ ግጥም አድርጌ ጠጥቼ መጣሁ» አለች።

ጎህ ሲቀድ ጀመራት። ፀሐይ ስትወጣ እትዬ መቆም አልቻለችም። ሐሙስ በባጃጅ ጭና ጤና ጣቢያ ስታደርሳት፣ አግዳሚ ወንበሩም ወለሉም በሰው ሞልቷል። በእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ባልዲ አለ። ሲስተር ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል። የእትዬን እጅ ይዛ ቆዳዋን ቆነጠጠችው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«እማማ፣ የሚጠጣውን ይጠጡልኝ» አለቻት፤ በጨውና በስኳር የተበጠበጠውን ውኃ በኩባያ ሰጠቻት። እትዬ ጠጣችና ወዲያው አስመለሰችው።

«ቀሚስሽን አበላሸሁት መሰለኝ» አለች።

«ምን ቀረው ብለው ነው።» ሲስተር ወደ ሐሙስ ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በደም ሥር የሚሰጠው ግሉኮስ ያለኝ ሃያ ሁለት ከረጢት ነው። ሰዉ አርባ ደርሷል። ለእሳቸው አንድ እሰካለሁ፤ የሚያስፈልጋቸው ስድስት ነው። ቁጥሩን ልከሻል አይደል? መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል?»

ሐሙስ ተነሥታ ወጣች። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ በሩጫ ሄደች፤ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ወዲህ ሮጣ አታውቅም።

ኃላፊው ቁጥሩን ለማስላክ እየጠበቃት ነበር። በሩ ላይ እንደቆመች ነገረችው።

«ዜሮ?» አለ።

«ዜሮ።»

«ሐሙስ ዕለት?»

«ሁልጊዜ ሐሙስ ነው የምልከው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህቴ እዚያ ተኝታለች፣ ይድረሱልኝ።»

አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ «ምንም ባትልኪ ኖሮ እኮ ደውለው ይጠይቁን ነበር» አላት። «ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ዝም ብትዪ እንኳ ያስታውሱን ነበር። አንቺ ግን ደህና ነን ብለሽ አረፍሽው። እኔን ደግሞ ትናንት ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ገና ነው አልሽኝ።»

ስልኩን አነሳ። አውራጃው በአምስተኛው ጥሪ ተነሳ። የአውራጃው ሰው፣ ዝርዝሩ ዓርብ ወደ ሚኒስቴሩ አልፏል፣ ከእኛ እጅ ወጥቷል፣ ሚኒስቴሩን ጠይቁ አለ። ሚኒስቴሩ ከወረዳ በቀጥታ ማስተካከያ አንቀበልም፣ በአውራጃው በኩል ይምጣ አለ። አውራጃው ተመልሶ ተደወለለት፤ እንዲያማ ከሆነ የወረዳው አስተዳዳሪ የፈረመበት ደብዳቤ ላኩ አለ። አስተዳዳሪው ከሐሙስ ጀምሮ ዋናው ከተማ ነው። የማዕከላዊው መንግሥትና የወረዳዎቹ ሥራ ስለሚቀናጅበት ሁኔታ የሚመክር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አጥፍቷል።

«እርስዎ ይፈርሙበት» አለች ሐሙስ።

«እኔ የጤና ኃላፊ እንጂ አስተዳዳሪ አይደለሁም።»

«ማን ያየዋል?»

«ሐሙስ ዕለትም ማን ያየዋል ብለሽ ነው የላክሽው።»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሁለቱም የግድግዳውን ሰዓት አዩት። ኃላፊው ስልኩን አስቀመጠ። «አሁን የቀረው ሰኞ ነው። አርባውን ሰው ወደ ሰኞ አዙሪያቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥር ይገባሉ፣ በሚቀጥለው ክፍፍል ይደርሰናል።»

«እስከዚያ ማን ይቆያል?»

«የቆየ ይቆያላ።» እሷ ላይ ሊጨክን አስቦ ይሁን ደክሞት፣ ከፊቱ አይታወቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት የጭነት መኪናው በከተማቸው መሐል አለፈ። ወደ ማዶኛው ወረዳ የሚወስደው መንገድ ሌላ የለም። ነዳጅ ማደያው ጋ ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም፣ ወሬው ከጎሚስታው አፍ ጤና ጣቢያ ለመድረስ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሐሙስ ስትደርስ ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ ነው። ጢሙ የሸበተ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

«ግሉኮስ ነው የጫንከው?»

«ሦስት መቶ ካርቶን።»

«ሁለት ካርቶን ብቻ አውርድልኝ። እህቴ ናት። አፈር ስሆን።»

ሹፌሩ ከጋቢናው ወረቀቱን አውጥቶ አሳያት። የማዶው ወረዳ ስም፣ የካርቶኑ ብዛት፣ ማኅተም። «እህቴ፣ አንድ ካርቶን ቢጎድል እኔ ነኝ የምታሰረው። ከታችኛው አውራጃ ጀምሮ አንቺን የመሰሉ ስንት ሰዎች ለመኑኝ መሰለሽ? የናንተን ስም ዝርዝሩ ላይ ፈለግሁት፤ ተጽፏል። ዜሮ ነው የሚለው። ማነው እንዲህ ያለው ክፉ?»

ሐሙስ ከመንገዱ ዞር አለችለት። መኪናው ጭሱን ለቆ ሄደ።

በማዶው ወረዳ በእሷ ቦታ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች። ሥልጠና ላይ ተዋውቀው ስልክ ይደዋወላሉ። ሐሙስ ደወለችላት። ሴትየዋ ነገሩን ሰምታ፣

«እኔ እኮ ሁልጊዜ በሦስት አባዝቼ ነው የምልከው» አለቻት። «የጠየቅነውን ሲሦ ነዋ የሚሰጡን። ዘንድሮ ግን እንዳለ ሰጡኝ። ማስቀመጫ ክፍሉ አልበቃ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ደርድረነዋል። አንቺ አታበዢም እንዴ?»

«አላበዛም።»

«ምን ዓይነት የዋህ ነሽ። በይ ድልድዩ ጋ ነይ፤ አራት ካርቶን ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ሐሙስ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ገባች። የእትዬ ከረጢት ካለቀ ቆይቷል፤ መርፌው ከክንዷ አልወጣም፣ ቱቦው ባዶውን ተንጠልጥሏል። ሲስተር ሃያ ሁለተኛውን ከረጢት ለጡብ ሠራተኛው ሚስት መስጠቷን ነገረቻት። «ነፍሰ ጡር ናት» አለች። ሐሙስም አልተከራከረቻትም። እትዬ ፊቷ አጥንት ብቻ ሆኗል፤ ድምፅዋም ሰልሏል።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«መድኃኒት ላመጣ። አንድ ሰዓት ብቻ ጠብቂኝ፣ በሞቴ።»

«ቀጠሮ ያለብኝ አስመሰልሽው» አለች እትዬ።

ባጃጁ ድልድዩ ጋ ሲደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ድልድዩ ላይ ትናንት ያልነበረ ገመድ ተወጥሯል፤ አንድ ፖሊስ ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። በሽታው ከወረዳ ወረዳ እንዳይዛመት መተላለፊያዎች ሁሉ እንዲዘጉ ዛሬ ማለዳ ከዋናው ከተማ ታዟል። ሐሙስ በፖሊሱ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። በወዲያኛው ጫፍ ያቺ ሴት ቆማለች። እግሯ ሥር አራት ካርቶኖች ተደርድረዋል። እጇን አውለበለበችላት። መሐላቸው ያለው የድልድዩ ርዝመት ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ያህል እንኳ አይሆንም።

«እናት፣ ተመለሺ» አላት ፖሊሱ።

«እኔ መሻገር አልፈልግም። ያቺ ሴትዮ ካርቶኑን ትስጥህ፤ አንተ ለእኔ ስጠኝ።»

«ዕቃ አያልፍም።»

«መድኃኒት ነው እኮ።»

ፖሊሱ መጥፎ ሰው አልነበረም። መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «መድኃኒት ያልፋል። በሽታው ወደ ገባባቸው ወረዳዎች ብቻ ይላል። ከየት ነሽ?»

ነገረችው። ጣቱ ወደ ታች ወረደ፣ ቆመ።

«እናንተ ዘንድ በሽታው የለም።»

«አርባ ሰው ተኝቷል። ሬሳም አለ። ናና እይ።»

«እኔ ከዚህ ጠረጴዛ አልነሳም። ወረቀቱ ዜሮ ነው የሚለው። ከላይ ነው የመጣው።»

«ከላይ አይደለም የመጣው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይኸ ዜሮ በእጄ የጻፍኩት ነው፤ ውሸት ነው እያልኩህ ነው።»

ፖሊሱ ቀና ብሎ አያት።

«እንግዲያው ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ» አላት። «የሚያስተካክለውን ሰው አምጪ፤ ያን ጊዜ አሳልፋለሁ።»

ለመነችው። መሬት ላይ ተንበረከከች። የባጃጁ ሹፌር አፍሮ ፊቱን አዞረ። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሴት አንዱን ካርቶን ተሸክማ ወደ መሐል መምጣት ስትጀምር ያን ወገን የሚጠብቀው ፖሊስ ጮኸባትና መለሳት። አስቀምጣው በላዩ ተቀመጠችበት። ሐሙስ ለኃላፊው ደወለች። ኃላፊው ለአውራጃው እደውላለሁ አለ። ጠበቀች። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። በስምንት ተኩል ኃላፊው ደውሎ፣ አውራጃው ድልድዩን የዘጋው ሚኒስቴሩ ስለሆነ ሚኒስቴሩን ጠይቁ ብሏል፣ ዛሬ ደግሞ እሑድ ነው አላት። ማዶ ያለችው ሴት ተነሥታ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ ባጃጇ መለሰች። ፀሐዩ ያበላሸዋል ብላ በስልክ ይቅርታ ጠየቀቻት።

ሐሙስ ስትመለስ እትዬ በሕይወት ነበረች። ሲስተር የረጠበ ጨርቅ ከንፈሯ ላይ አድርጋላታለች። ሐሙስ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘች። እጇ ከቅዝቃዜው የተነሣ ብርድ ላይ ያደረ ብረት ይመስላል፤ የጣቶቹ ጫፍ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ተጨማዷል።

«አመጣሽ?»

«አላመጣሁም።» ከዚያ አፏ አላስችል አላት። «እትዬ፣ መድኃኒቱ እንዳይመጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የታመመ ሰው የለም ብዬ ላክሁ። ሳልጠይቅ፣ ሳላይ። ዓርብም ዋሸሁ፤ እንዳይሰድቡኝ ብዬ ዋሸሁ።»

እትዬ ዓይኗን ገለጠች። ሐሙስ ስድብ ጠበቀች። ያ ጎረቤት የሚሰማው ስድብ ቢመጣ እግሯን ትስም ነበር። እትዬ ግን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻትና እጇን ከሐሙስ እጅ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች። ያን ለማድረግ የቀራትን ጉልበት ሁሉ የጨረሰች መሰለች።

«ሲስተርን ጥሪልኝ» አለች። «አንቺ ውጪ።»

ሐሙስ ወጣች። በሩ ሥር፣ በባልዲዎቹ መሐል ቆመች። እንድትገባ የጠራት የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሲስተር ብቅ ብላ፣ «አርፈዋል» አለቻት፤ ሌላ ሰው ስለሚጠራት ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ ሰኞ፣ ከቀብር መልስ፣ ሐሙስ ቢሮ ገባች። ሌላ የሚሞላው ሰው አልነበረም። ከጤና ጣቢያው መዝገብ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ስልሳ ስምንት ሕመምተኛ፣ አሥራ ዘጠኝ ሟች። ገጹ አልቀበልም አለ። ለአውራጃው ደወለች፤ ዛሬ በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

«ሐሙስ፣ ዛሬ ገና ሰኞ ነው፣ ምነው ቸኮልሽ?» አላት የአውራጃው ሰው። ቁጥሩን ነገረችው። አስደገማት። «ካለፈው ሳምንት ዜሮ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ሞት ሲስተሙ አይቀበለውም። ሚኒስቴሩም ማብራሪያ ይጠይቀናል፤ ለናንተም ለኛም ጣጣ ነው። በሦስት ሳምንት ከፋፍለሽ አስገቢው። ስድስት ስድስት እያደረግሽ፤ የተረፈውን አንድ መጨረሻው ላይ ጨምሪው።»

«ቀኑስ?»

«ቀኑን ከሳምንቱ ጋር አስማሚው እንጂ። ለመድኃኒቱም ይጠቅማችኋል፤ ሦስት ጊዜ ክፍፍል ውስጥ ትገባላችሁ።»

እውነቱን ነው፤ ይጠቅማል። ጤና ጣቢያው ወለል ላይ ገና ሃምሳ ያህል ሰው ተኝቷል። ሐሙስ ሟቾቹን በሞቱበት ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ደረደረቻቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ለዚህ ሳምንት፣ ተከታዮቹን ስድስት ለሚቀጥለው። እትዬ አሥራ ስምንተኛ ነበረች። ሦስተኛው ሳምንት ደረሳት።

ጾታ፤ ሴት። ዕድሜ፤ ስልሳ አንድ። ሥራ፤ ልብስ ሰፊ። የሞተችበት ቀን የሚለው ጋ ስትደርስ የቀን መቁጠሪያውን አነሣች፤ ሦስተኛውን ሳምንት አገኘች፤ ከሰኞ እስከ እሑድ ካሉት ቀናት የትኛው እንደሚሻል አሰበች። ረቡዕን መረጠች። ላከችው። ገጹ በዚህ ጊዜ አልተቃወመም።

ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች። ጎረቤቶች በራቸው ላይ ቆመው «ነፍስ ይማር» አሏት። እሷም ለእያንዳንዳቸው እጅ ነሣች። በልቧ ግን እትዬ ገና አሥራ ስድስት ቀን ይቀራታል እያለች ትቆጥር ነበር።